በሞዘል ሸለቆ በብስክሌት፦ ከትሪር እስከ ኮብሌንዝ እንዴት እንደሚጓዙ

የሞዘልን ሸለቆ ፎቶግራፍ ያየ ሰው ብስክሌት ይዞ ለመሄድ ቢያመነታ አይፈረድበትም። በጀርመን ምዕራብ በሚገኘው በዚህ ሸለቆ ወንዙ ግራና ቀኝ የወይን ተክል እንደ ግድግዳ ቆሞበታል። ወንዙን ታክኮ የሚሄደው የብስክሌት መንገድ ግን ለጥ ያለ ነው። ከትሪር ተነስቶ ኮብሌንዝ ላይ ከራይን ወንዝ ጋር እስኪቀላቀል ድረስ ሞዘል የሚወርደው 70 ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚህ እግር የሚያደክመው የወንዙ መጠማዘዝ ነው። ሁለቱ ከተሞች በቀጥታ መስመር ቢለኩ ርቀታቸው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወንዙን የተከተለ ሰው ግን ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይነዳል። ዳገት የሚያገኘው ከወንዙ ዳር ለመራቅ የወሰነ ብቻ ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ሁሉ የት ከወንዙ እንደሚወጡና የት እንደማይወጡ አስቀድሞ ማወቅ ላይ ያርፋል።

1. ወቅቱንና ቀናቱን ይወስኑ

ግንቦትና ሰኔ፣ እንዲሁም መስከረም ጥሩ ናቸው። በክረምታቸውና በጸደይ መጀመሪያ ወንዙ ሞልቶ የብስክሌት መንገዱን የሚውጥበት ጊዜ አለ። የወይን ለቀማው በመስከረምና በጥቅምት ስለሚውል መንደሮቹ ደምቀው ይሰነብታሉ፤ ማረፊያ ግን ይጠፋል፣ ጠባቦቹ የእርሻ መንገዶችም በትራክተር ይያዛሉ። በዚያ ወቅት የሚሄዱ ከሆነ በተለይ የቅዳሜና የእሑድ አዳርዎን ቀደም ብለው ያስይዙ።

አራት ቀን ይበቃል፤ በቀን ወደ 50 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ይህ ቁጥር ትንሽ መስሎ ይታያል። በየመንደሩ የሚያስቆም ነገር ስላለ ግን ከዚያ በላይ ያቀደ ሰው ማምሻውን በጥድፊያ ሲነዳ ይገኛል። ከትሪር ወደ ኮብሌንዝ መሄዱን የምመርጠው ወንዙ ወደዚያ ስለሚፈስ አይደለም። ወንዙ እ.ኤ.አ. በ1964 ለትልልቅ መርከቦች ከተከፈተ ወዲህ በግድብ በግድብ ተከፋፍሏል፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ብቻ አሥር የመርከብ ማሳለፊያዎች አሉበት፣ ውኃውም የተኛ ይመስላል። የምመርጥበት ምክንያት ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከምዕራብ ስለሚመጣ ነው። በእርግጥ ወንዙ በተጠማዘዘ ቁጥር ይኸው ነፋስ ፊት ለፊት የሚመታበት ጊዜ አይጠፋም።

2. ብስክሌቱን ለዳገቱም ለቁልቁለቱም ያዘጋጁ

ለወንዙ ዳር ማንኛውም ጤነኛ ብስክሌት ይሆናል፤ መንገዱ አብዛኛው አስፋልት ነው። ወደ ወይን እርሻው መውጣት ለሚፈልግ ግን ማርሹ ወሳኝ ነው። ከፊት የትንሹ ማርሽ ጥርስ 28፣ ከኋላ የትልቁ ማርሽ ጥርስ 34 ቢሆን ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ጎማው አንድ ዙር አይሞላም። እንዲህ ያለ ማርሽ ሻንጣ ጭነው ከመቀመጫዎ ሳይነሱ ቀስ ብለው ለመውጣት ያስችልዎታል። በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ብስክሌት መከራየትም ነውር የለበትም። ከወንዙ ዳር የሚያዩት ተጓዥ ግማሹ በእርሱ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ሰው የሚዘነጋው ፍሬኑን ነው። በመጀመሪያው ጉዞዬ የተከራየሁት ብስክሌት “ትናንት ተመርምሯል” ተብሎ ነበር የተሰጠኝ፤ እኔም አምኜ ሳላየው ወጣሁ። ከአንድ ኮረብታ ላይ ሁለት ሙሉ ሻንጣ ጭኜ ስወርድ ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች እንደያዝኩት ነበር። ከታች ስደርስ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ፤ ቸርኬውን በጣቴ ብነካው ፈጀኝ። የፍሬኑ ላስቲክ እንደ ወረቀት ሳስቶ ብረቱ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ወዲህ ሳልነሳ ላስቲኩን ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ስወርድም ያዝ ለቀቅ፣ አንዴ የፊቱን አንዴ የኋላውን እያልኩ ነው የምወርደው። ከጥምዙ በፊት መቀነስ እንጂ ጥምዙ ውስጥ ገብቶ ፍሬን መያዝ ያንሸራትታል፤ በተለይ በለቀማ ወቅት የትራክተር ጎማ ያራገፈው ጭቃ አስፋልቱ ላይ ይቀራል።

3. መንገዱን በአራት ይክፈሉት

የመጀመሪያው ቀን፦ ሮማውያን እ.ኤ.አ. በ170 ገደማ ከሠሩት የትሪር በር፣ ከፖርታ ኒግራ፣ ተነስተው እስከ ፒስፖርት። በመንገድ ላይ ኖይማገንን ያገኛሉ። እዚያ የተገኘውና በሦስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከድንጋይ የተቀረጸው በርሜል የጫነ መርከብ በትሪር ሙዚየም ይታያል፤ በመንደሩ ያለው ቅጂው ነው። ፒስፖርት ደግሞ ከአራተኛው መቶ ዘመን የቀረ የሮማውያን የወይን መጭመቂያ አለ። የወይን እርሻው ዕድሜ በዚህ ይገባዎታል።

በሁለተኛው ቀን በቤርንካስቴል-ኩስ በኩል ትራበን-ትራርባህ ይደርሳሉ። ከወንዙ የመውጣት ፈተና እዚህ ይጀምራል። በሁለቱ ከተሞች መካከል በወንዙ ዳር ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ኮረብታውን አቋርጦ በእግር ግን የሚሆነው የዚያ ሲሶ ነው። ካርታ ያየ ሁሉ “ለምን አላቋርጥም?” ማለቱ አይቀርም። አያቋርጡ። ሻንጣ የጫነ ብስክሌት እየገፉ ጫካ ለጫካ መውጣት የሚቆጥበው ኪሎ ሜትር እንጂ ጊዜ አይደለም።

ሦስተኛው ቀን እስከ ኮኸም ነው፤ ለእኔ የጉዞው እምብርት። ብሬም መንደር ላይ ወንዙ ወደ ኋላ የሚመለስ እስኪመስል ድረስ ይጠመዘዛል። በላዩ የሚታየው ካልሞንት በአውሮፓ እጅግ ቀጥ ካሉት የወይን እርሻዎች የሚቆጠር ነው፤ ተዳፋቱ እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል። ትራክተር ስለማይወጣው ገበሬው መሣሪያውንና የለቀመውን ወይን በአንዲት ሐዲድ ላይ በምትሳብ ትንሽ ጋሪ ያመላልሳል። ከመሬቱ ላይ አንድ ስባሪ ድንጋይ ያንሱ፦ ጥቁር ግራጫ፣ ስስ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነባበረ። ከሰዓት በኋላ ከሆነ እጅዎን ያሞቅዎታል። ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ስለሚመልስ ነው ሪስሊንግ የሚባለው ዘግይቶ የሚበስል የወይን ዝርያ በዚህ ቀዝቃዛ አገር የሚበስለው። ወደ ላይ ለመውጣት ብስክሌቱንና ሻንጣውን ከታች ቆልፈው በእግር ይሂዱ። ገደሉን ይዞ የሚያልፈው መንገድ መሰላልና የብረት ገመድ ያለው ስለሆነ በብስክሌት ጫማ አይሞከርም።

በአራተኛው ቀን ኮብሌንዝ ይገባሉ። ጊዜ ካለዎት ሞዘልከርን ላይ ብስክሌቱን አስቀምጠው በእግር ወደ ኤልትስ ቤተ መንግሥት ይሂዱ። በጫካ መካከል በድንጋይ አናት ላይ የቆመው ይህ ምሽግ ከ800 ዓመት በላይ በአንድ ቤተሰብ እጅ ቆይቷል፤ ለጎብኚ የሚከፈተው ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ነው።

4. ወይኑን ለማታ ያቆዩት

በየመንደሩ በር ላይ መጥረጊያ ወይም የቅጠል ጉንጉን ተሰቅሎ ካዩ ሽትራውስቪርትሻፍት ነው፤ ገበሬው በግቢው የራሱን ወይን ከቀላል ምግብ ጋር የሚሸጥበት፣ በዓመት ከአራት ወር በላይ እንዲከፈት የማይፈቀድለት ቤት። ከሆቴል ምግብ ቤት ይልቅ እዚህ መቀመጥ ይሻላል። ያመረተው ሰው ራሱ ነው የሚቀዳልዎት። ደረቅ ያለ ከወደዱ “ትሮክን”፣ ለስለስ ብሎ ጥቂት ጣፋጭነት ያለው ከፈለጉ “ፋይንሄርብ” ይበሉ።

ቀን ላይ መቅመስ ካማረዎት ቀምሶ መትፋት የተለመደ ነው፤ ለዚሁ የሚሆን ዕቃ ይቀርባል። በጀርመን ብስክሌተኛም በስካር ይጠየቃል። በደሙ ውስጥ ያለው አልኮል 1.6 ፐርሚል (ከሺህ 1.6) ከደረሰ፣ ምንም ሳይሳሳት ቢነዳ እንኳ ወንጀል ነው፤ እየተንገዳገደ ከነዳ ወይም አደጋ ካደረሰ ደግሞ 0.3 ይበቃል። ጠርሙስ መግዛት ከፈለጉ ሻንጣዎ ላይ አይጫኑት፤ ብዙዎቹ አምራቾች በፖስታ ይልካሉ።

5. በባቡር ይመለሱ

ከኮብሌንዝ ወደ ትሪር የሚሄደው የክልል ባቡር ብስክሌት ይጭናል። ለብስክሌቱ የሚከፈል መኖሩንና የሰዓት ገደቡን ከመሳፈርዎ በፊት ጣቢያው ላይ ይጠይቁ፤ ብስክሌት የሚገባበትን ፉርጎ በሩ ላይ ባለው ምልክት ያውቁታል። ሻንጣዎቹን ባቡሩ ከመድረሱ በፊት ይፍቱ። በመስኮቱ በኩል ይቀመጡና ኮኸምን ሲያልፉ ያስተውሉ፦ ባቡሩ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ዋሻ ውስጥ ይገባል። በሦስተኛው ቀን ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የነዱበትን ጥምዝ በጨለማ ቆርጦ፣ ትንፋሽ ሳይሰበስቡ ከካልሞንት ግርጌ ብቅ ይላል።