ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ቤት የውሃ ጉም እሳት ማጥፊያ

በደሴ ቤት የሚሠራ ሰው ስለ እሳት ሲያስብ መጀመሪያ የሚመጣበት ጥያቄ «ውሃው በፈረቃ እየመጣ በምን ላጠፋው ነው?» የሚል ነው። ውሃን እንደ ጉም አድቅቆ የሚረጨው እሳት ማጥፊያ ለዚህ ጥያቄ ግማሽ መልስ አለው፤ ውሃ ይቆጥባል፣ ግፊት ግን አጥብቆ ይፈልጋል።

ቁጠባው የሚመጣው ከጠብታው ማነስ ነው። አንድ ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላቸው ጠብታዎች ቢከፋፈል የጠብታዎቹ ገጽ ሲደመር 6 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ጠብታው ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ግን ያው አንድ ሊትር 60 ካሬ ሜትር ገጽ ያገኛል። ሙቀት ወደ ውሃው የሚገባው በገጹ በኩል ስለሆነ፣ ደቃቁ ጠብታ ነበልባሉ ዘንድ እንደደረሰ ይተንና ሙቀቱን ይወስዳል፤ አንዱ ሊትር ከ1,600 ሊትር በላይ እንፋሎት ስለሚሆንም በእሳቱ ዙሪያ ያለውን አየር ይገፋል። በር ሲዘጋ እንፋሎቱ ስለሚታመቅ ሥራው ይበረታል።

ኮርኒስ ላይ በሚገጠመው የውሃ መርጫ አፍንጫ መሐል ፈሳሽ የሞላባት ትንሽ የብርጭቆ ብልቃጥ አለች። ፈሳሿ ቀይ ከሆነ በ68 ዲግሪ፣ አረንጓዴ ከሆነ በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትፈነዳለች፤ ስትፈነዳ የሚከፈተው የዚያ አፍንጫ መንገድ ብቻ ነው፣ ፊልም ላይ እንደሚታየው የቤቱ አፍንጫ ሁሉ አብሮ አይረጭም። ብልቃጧ የምታውቀው ሙቀትን እንጂ ጭስን ስላልሆነ የቡናና የዕጣን ጭስ አያስነሣትም፤ በዚሁ ምክንያት ግን ጭስ ሲሸተው የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ መኝታ ቤት አጠገብ ለብቻው መግጠም ያስፈልጋል። አክንባሎ በተነሣ ቁጥር ትኩስ እንፋሎት ከሚወጣበት የእንጀራ ምጣድ አናት ላይ ፈሳሹ ቀይ የሆነውን መግጠም አይመከርም፤ አፍንጫውን ገሸሽ ማድረግ ወይም አረንጓዴውን መምረጥ ይሻላል። በኮምቦልቻ ፀሐይ ኮርኒስ ለሌለው የቆርቆሮ ክፍልም እኔ አረንጓዴውን እመርጣለሁ።

ሰው የሚሳሳተው ግፊቱ ላይ ነው። ዝቅተኛ ግፊት የሚባለው ዓይነት እስከ 12 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ሲሠራ፣ ከፍተኛው ከ35 ባር በላይ ይጠይቃል፤ 100 ባር የሚደርስም አለ። ከመሬት 6 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው ግን 0.6 ባር ብቻ ነው። ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት እስከ ኮምቦልቻ ቧንቧ ቢዘረጋ እንኳ፣ የከፍታው ልዩነት 600 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከ60 ባር ብዙ አያልፍም፣ መቶውን አይደርስም። ስለዚህ ፓምፕ ወይም በታመቀ ጋዝ የሚገፋ ሲሊንደር የግድ ነው።

ውሃው ቀላል ነው። አንድ አፍንጫ በደቂቃ 10 ሊትር ቢረጭ፣ ሁለት አፍንጫ ለ30 ደቂቃ የሚፈልጉት 600 ሊትር ነው፤ ትክክለኛው ልክ ከመሣሪያው መመሪያ ይወሰዳል። 1,000 ሊትር በሚይዝ ሮቶ ላይ የፓምፑን መስመር ከግርጌ፣ የቤቱን መጠቀሚያ መስመር ግን ከ600 ሊትሩ ልክ በላይ ማውጣት ነው፤ ያኔ የእሳቱ ድርሻ ልብስ ሲታጠብበት አያልቅም።

ለፓምፑ መብራት የሚሰጠው ገመድ ከቆጣሪው ቀጥሎ ለብቻው ይዘርጋ፤ በሌላው የቤቱ መስመር ላይ ገመድ ነድዶ ብሬከር ሲወርድ ፓምፑ አብሮ እንዳይጠፋ ነው። መብራት የሚጠፋበት ቀን ስለማይታወቅ ባትሪ ያለው ፓምፕ ወይም በታመቀ ጋዝ የሚሠራው ሲሊንደር ይመረጣል፤ ሰው ወጥቶ ገመድ ስቦ የሚያስነሣው ጀነሬተር ለዚህ ሥራ አይቆጠርም።

ውሃ ከቀናት በኋላ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚወርደው ድፍርስ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የአፍንጫው ቀዳዳ በጣም ጠባብ ስለሆነ ከፓምፑ በፊት ማጣሪያ ይግባ፣ ቧንቧውም የማይዝግ ብረት ይሁን። ቀለም ቀቢ ኮርኒሱን ከመቀባቱ በፊት አፍንጫውን በፌስታል ይሸፍነው፣ ሲጨርስም መግለጡን አይርሳ፤ ቀለም የነካው አፍንጫ ይቀየራል እንጂ ተጠርጎ አይመለስም።