«ሰው ታውቃለህ» ለሚሉኝ ወላጆች፦ የመጠጥና የዕፅ ክስ ሲመጣ የሚሠሩ ስህተቶች

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ማደሪያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራውን ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ስልኬ ግን ትምህርት በተጀመረ በወሩ መጮኹን አልተወም። ደዋዮቹ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ያሉት የሲልቨር ስፕሪንግና የአሌክሳንድሪያ እናቶችና አባቶች ናቸው። «ክፍሉ ውስጥ ቢራ ተገኘ ብለው ጽፈውበታል፤ አንተ እዚያ ሰው ታውቃለህ» ይሉኛል። የማውቀው ሰው ምንም አያደርግላቸውም። የማውቃቸው ስህተቶች ግን ሳይጠቅሟቸው አይቀሩም። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጣሳ ቢራ ይዞ በመገኘቱ ብቻ የተባረረ ልጅ አላጋጠመኝም፤ ነገሩን የሚያከብደው ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት የሚደረገውና ሳይደረግ የሚቀረው ነው። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ሽማግሌ ይዞ ቢሮ መሄድ

አንድ አባት ሁለት አዛውንትና አንድ ቄስ አስከትለው መጡ። ሦስቱ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘዋል። የሥነ ምግባር ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ በአክብሮት አስቀመጠቻቸው፣ ውሃ አቀረበችላቸው፣ ከዚያም «ስለዚህ ተማሪ ምንም ልነግራችሁ አልችልም» አለቻቸው። አባትየው ወደ እኔ ዞረው «የወለድኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?» አሉኝ።

መውለዱንስ ወልደዋል። ነገር ግን በ1974 የወጣው የትምህርት መዛግብት ሕግ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ የመዝገቡን ባለቤትነት ለራሱ ለልጁ ይሰጣል፤ ክፍያውን የሚችሉት እርስዎ መሆንዎ ይህን አይለውጠውም። በ1998 ሕጉ ሲሻሻል፣ ዕድሜው ከ21 በታች የሆነ ተማሪ የመጠጥ ወይም የዕፅ ደንብ ከጣሰ ዩኒቨርሲቲው ለወላጅ እንዲናገር ተፈቀደለት። ተፈቀደለት እንጂ አልታዘዘም። አንዱ በመጀመሪያው ጥፋት ይጽፋል፣ ሌላው በሁለተኛው፣ ሌላው ጭራሽ አይጽፍም። መረጃ ከፈለጉ ልጁን የፈቃድ ቅጹን ያስፈርሙት፤ ደቂቃዎች አይፈጅም። ብዙ ቦታ ተማሪው አንድ ረዳት ይዞ እንዲገባም ይፈቀድለታል፤ ረዳቱ ግን አጠገቡ ተቀምጦ ያማክረዋል እንጂ በእሱ ፈንታ አይናገርም። ዝም ማለት የሚችል ሽማግሌ ካላችሁ ይግባ።

«ማስረጃ የላቸውም» ብሎ መኩራራት

ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ለማለት ከበቂ ጥርጣሬ የጸዳ ማስረጃ ይጠይቃል። የዩኒቨርሲቲው ጉባኤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ግን «ሆኗል» የሚለው «አልሆነም» ከሚለው ትንሽ እንዲያመዝን ብቻ ነው። ማሪዋና ነው የተባለውን ቅጠል ወደ ቤተ ሙከራ የሚልከው የለም። በሪፖርታችን የምንጽፈው እንዲህ ያለ ነገር ነበር፦ «ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ20። በሩ ሥር እርጥብ ፎጣ ተጎዝጉዟል። የጭስ ጠቋሚው በካልሲ ተሸፍኗል። የማሪዋና ሽታ ከኮሪደሩ ይሰማል።» ይህ ይበቃ ነበር። ካልሲው እንዲያውም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ የእሳት አደጋ ደንብ መጣስ ከመጠጡ የባሰ ቅጣት ሲያመጣ አይቻለሁ።

ፖሊስ ክሱን ቢተወው ዩኒቨርሲቲው የግድ አይዘጋውም፤ ሁለቱ መንገዶች ለየብቻ ይሄዳሉ። ኢሜይሉን ባለመክፈት የሚቀር ነገርም የለም። ልጁ ካልቀረበ በሌለበት ይወሰናል፣ ለቀጣዩ ሴሚስተር መመዝገቢያውም ሊቆለፍበት ይችላል። የይግባኝ ጊዜውም አጭር ነው፤ ብዙ ቦታ በሥራ ቀናት ተቆጥሮ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት አያልፍም።

«ማሪዋና እኮ ተፈቅዷል»

ዋሽንግተን ዲሲ በ2015፣ ቨርጂኒያ በ2021፣ ሜሪላንድ በ2023 ትንሽ መጠን ይዞ መገኘትን ፈቅደዋል፤ ያውም 21 ዓመት ለሞላው። በፌዴራል ሕግ ግን ክልክልነቱ አልቀረም። በ1989 በተሻሻለ ሕግ መሠረት የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ዕፅን ከግቢው የማገድና ደንቡን በየዓመቱ ለእያንዳንዱ ተማሪ በጽሑፍ የማደል ግዴታ አለበት። ስለዚህ «አላውቅም ነበር» የሚለው መልስ አያስኬድም፤ መልእክቱ ማንም ባያነበውም በየዓመቱ ይደርሳል። በፈተና ሰሞን ከጓደኛ የሚለመነው አዴራል የሚባለው የትኩረት መድኃኒትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሆነ የዕፅ ጉዳይ ነው።

ስለ ጫትም አንድ ነገር ልበል። አወዳይ ላይ በጠራራ ፀሐይ የሚሸጥ ነገር እዚህ ወንጀል መሆኑ ለብዙዎቻችን አይዋጥልንም። እርጥቡ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ ሄሮይን ባለበት የመጀመሪያው የክልከላ መደብ ውስጥ ተመዝግቧል። ደርቆ በፖስታ የሚመጣውም ካቲን የሚባለው ንጥረ ነገር ስላለበት አይድንም። ለልጁ «ለጥናት ይሆንሃል» ብላችሁ አትላኩለት።

ረጅም የይቅርታ ደብዳቤ መጻፍ

ይህኛው ለአሜሪካ ዜጎች አነስተኛ፣ ዜጋ ላልሆነ ግን ከሁሉም የከፋ ስህተት ነው። እኛ ጥፋት ሲመጣ ይቅርታውን እናበዛዋለን። በኤፍ 1 (በተማሪ) ቪዛ የመጣ አንድ ልጅ የአጎቱን ምክር ሰምቶ ሁለት ገጽ ጻፈ፦ መቼ እንደጀመረ፣ ስንት ጊዜ እንዳጨሰ፣ ከማን እንደገዛ። ማንም ይህን አልጠየቀውም ነበር።

የኢሚግሬሽን ሕጉ በዕፅ የተፈረደበትን ሰው ከአገር ማስወጣት ይፈቅዳል፤ ለግል ጥቅም ከ30 ግራም ያልበለጠ ማሪዋና አንድ ጊዜ ይዞ መገኘት ብቻ ከዚህ የወጣ ነው። ወደ አገር መግባትን የሚመለከተው የሕጉ ክፍል ደግሞ ፍርድ እንኳን አይጠብቅም፤ ድርጊቱን ማመን ሊበቃው ይችላል። በዲቪ መጥቶ ግሪን ካርድ የያዘ ልጅም ለሠርግ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ሊገጥመው የሚችል ነገር ነው። ስለዚህ ዕፅን በተመለከተ አንድ መስመር ከመጻፉ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚያማክር የተማሪዎች የሕግ አገልግሎት አላቸው። ይዋሽ ማለቴ አይደለም፤ ውሸት በደንቡ ላይ ሌላ ክስ ይጨምራል። አለመናገርና መዋሸት ግን ይለያያሉ።

ለጊዜው መታገድ የሙሉ ጊዜ ተማሪነትን ስለሚያቋርጥ ቪዛውን ይነካል። የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ መስማት ያለበት ውሳኔው ሳይሰጥ በፊት ነው። ጠጥቶ ሲነዳ የተያዘ ደግሞ ገና ሳይፈረድበት ቪዛው ሊሰረዝ ይችላል።

ምክሩን እንደ ስድብ መቁጠር

«ልጄ ሰካራም ነው እንዴ ትምህርት የሚሰጡት?» ያሉኝ እናት ብዙ ናቸው። በብዙ ግቢዎች ለመጀመሪያ ጥፋት የሚታዘዘው ቤዚክስ የሚባል፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሲያትል የተጀመረ ሁለት አጫጭር ቀጠሮ ነው። ልጁ የጠጣውን ይሞላል፣ ከእኩዮቹ ጋር ይነጻጸርለታል። «ሁሉም ከእኔ እኩል ይጠጣል» ብለው ገብተው ቁጥሩን ሲያዩ የሚደነግጡ ጥቂት አይደሉም። ቀጠሮውን የዘለለ ልጅ ግን በቀላሉ የሚያልቀውን ጉዳይ ወደ ሁለተኛ ጥፋት ያሳድገዋል።

አምቡላንስ ለመጥራት መፍራት

አንድ ቅዳሜ ሌሊት በሬ ተንኳኳ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ሐበሻ። ጓደኛዋ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተኝታለች፤ ከንፈሯ ገርጥቷል፣ ፀጉሯ ከቀዝቃዛ ሻወር የተነሣ ርሷል፣ አጠገቧ ያልተጠጣ ቡና በወረቀት ኩባያ አለ። ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት አርባ ደቂቃ ብቻዋን ስትታገል ቆይታለች። «ከደወልኩ ሁለታችንም እንባረራለን» አለችኝ፤ ከዚያም «እናቷ ይገድሏታል።»

ቡናውም ሻወሩም ስካርን አያበርዱም። አልኮሉ ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላም ወደ ደም መግባቱን ይቀጥላል፤ «ተኝታ ይለቃት» የተባለችው ልጅ ተኝታ ሊብስባት ይችላል። ሲቀሰቅሷት ካልነቃች፣ በአንዱና በሌላው ትንፋሽ መካከል አሥር ሰከንድ ከቆየ፣ ቆዳዋ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ፣ ተኝታ ካስመለሳት ወደ 911 ይደወላል፤ እስኪመጡ በጎኗ ትተኛለች፣ ለብቻዋ አትተውም። በየካቲት 2017 በፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በአንድ የወንድማማቾች ማኅበር ቤት ሲጠጣ አምሽቶ ከደረጃ የወደቀ የ19 ዓመት ልጅ ሞቷል፤ አብረውት የነበሩት እርዳታ የጠሩት ከ12 ሰዓት ገደማ በኋላ ነበር።

ዩኒቨርሲቲዎቹ ይህን ፍርሃት ያውቁታል። ኮርኔል በ2002 እርዳታ የጠራን ተማሪ በመጠጥ ጥፋት የማይቀጣ ደንብ አውጥቷል፤ ዛሬ ተመሳሳይ ደንብ በብዙ ግቢዎች አለ። ደንቡ ዕፅ የሸጠን ወይም ሰው የደበደበን አይሸፍንም፣ ከዚያ በኋላም የምክር ቀጠሮ ማስከተሉ የተለመደ ነው። የአምቡላንሱ ሂሳብ ይመጣል፤ እሱን ምሕረቱ አይከፍልም። ልጁ ግቢ ሳይገባ በፊት የዩኒቨርሲቲውን ደንብ አብራችሁ ፈልጉት፤ የሚያስፈልገው ሌሊት ላይ መፈለጊያ ጊዜ የለም።

ያቺ ልጅ በሳምንቱ ደብዳቤ ደረሳት። ክስ አልነበረበትም፤ ከአማካሪ ጋር የግማሽ ሰዓት ቀጠሮ ብቻ ነበር። ጓደኛዋ በማግስቱ ከሆስፒታል ወጥታ ነገሩን ራሷ ለእናቷ ነገረቻቸው፤ ማንም አልተገደለም። የደወለችው ልጅ ግን ቤቷ ትንፍሽ አላለችም። ለገና ቤተሰቧ ጋር ሳለች የጓደኛዋ እናት ትልቅ ድፎ ዳቦ በኮባ ጋግረው ላኩላት። እናቷ «ይህ ዳቦ የምን ነው?» ብለው ቢጠይቋት «የልደት ነው» አለቻቸው።