ሞተር ላይ የዕቃ ሳጥን ከማስገጠማችሁ በፊት ሊብሬውን ክፈቱ

ሐዋሳ ውስጥ በሞተር ዕቃ የሚያደርስ ሰው ከኋላ ሳጥን ወይም የብረት መጫኛ ማስገጠሙ አይቀርም። ሥራው ቀላል ነው። ችግር የሚመጣው በያጅ ጋ ከሄዱ በኋላ ሕጉን ሲጠይቁ ነው።

መጀመሪያ ሊብሬውን እዩ። የሞተር ቁጥሩ፣ የሻንሲ (የዋናው ብረት አካል) ቁጥሩ፣ ቀለሙ እዚያ ሰፍሯል። የተሽከርካሪ ምዝገባና ምርመራ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው፤ ለቦሎ ስትቀርቡም ሞተሩ ከተመዘገበው ጋር ይመሳከራል። ስለዚህ በቡሎን ታስሮ የሚፈታ ሳጥን ምረጡ። ሻንሲ መቁረጥ፣ ማስረዘም ወይም ጎማ መጨመር ካሰባችሁ ግን ሞተሩ ወደተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ፈቃዱንም በጽሑፍ ያዙ፤ "ችግር የለውም ተብያለሁ" መንገድ ላይ አያድንም። የሻንሲ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከመሪው ሥር፣ አንገቱ ላይ ተመቷል። እዚያ አካባቢ ሞረድም ብየዳም አይድረስ። ቁጥሩ ከተፋቀ የተሰረቀ ሞተር ይዛችኋል ተብሎ መጠርጠር ይመጣል።

ቀጥሎ ክብደት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የኋላ ጎማውን ጎን ጎንበስ ብላችሁ አንብቡ። "3.00-17 50" የሚል ከሆነ፣ መጨረሻ ላይ ያለው 50 ጎማው ቢበዛ 190 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። 47 ከሆነ 175 ኪሎ። ይህ የዕቃው ብቻ አይደለም፤ ከሞተሩና ከነጂው ክብደት የኋላ ጎማ ላይ የሚያርፈው፣ ሳጥኑና መጫኛውም ተደምረው ነው። ከባዱን ዕቃ ዝቅ አድርጋችሁ ወደ መቀመጫው አስጠጉት። ወደ ኋላ ከተንጠለጠለ የፊት ጎማው ይቀላል፣ መሪው ይንቀጠቀጣል። በሻሸመኔ መንገድ አይሱዙ ሲያልፋችሁ ንፋሱ ገፍቶ ሊያስወጣችሁ ይችላል።

ሳጥኑ ከገባ በኋላ አንድ ሰው ከኋላ ራቅ ብሎ ይቁምላችሁ። ታርጋው ይነበባል? ፍሬን ስትይዙ መብራቱ ይታያል? ፍሬቻውስ? አንዱ ከተሸፈነ ሳጥኑን ከፍ አድርጉት ወይም ታርጋውንና መብራቱን ወደሚታይበት አውጡት። የጎን ሳጥን ከመሪው ስፋት ባያልፍ ይመረጣል።

ወደ ቅጣቱ ስንመጣ፣ በትራፊክ ደንቡ ጥፋት በገንዘብ ብቻ አያልቅም፤ መንጃ ፈቃድ ላይም ሪከርድ ይያዛል። ከባዱ አደጋ ሲደርስ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለ ነጂ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3 ሺህ እስከ 6 ሺህ ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። ግልጽ ደንብ ሆን ብሎ ጥሶ ከሆነ ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት፣ ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ ብር መቀጮ ጋር ነው። ከአቅም በላይ ጭኖ መብራቱን የሸፈነ ሰው "አላወቅኩም" ቢል ማን ይሰማዋል?

የሦስተኛ ወገን መድን የእናንተን ሞተርም ሆነ የጫናችሁትን ዕቃ አይሸፍንም። የሰው ዕቃ የምታደርሱ ከሆነ ለዕቃው የተለየ ውል ጠይቁ፤ ስለ ሳጥኑም ለመድን ድርጅቱ አስቀድማችሁ ንገሩ።