ከግቢ ሳይወጡ የመስከረምና የጥቅምት ተጓዥ ወፎችን መመልከት

ከመስከረም እስከ ኅዳር የጎጃም ሰማይ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣ መንገደኛ ይበዛበታል። ዳንግላም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ሰሜኑ ሰማይ ገለጥ ብሎ የሚታይበት ግቢ ይበቃል። በዚህ ወቅት የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ ፊትን ወደ ሰሜን ያዞረ ሰው የላባውን ቀለም በደንብ ይለያል።

ባይኖኩላር ከተገኘ 8 በ42 (8 ጊዜ የሚያቀርብ፣ የፊት መስተዋቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር የሆነ) ይሻላል፤ 10 ጊዜ የሚያቀርበው የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል። መጀመሪያ ቀኝ ዓይንን ጨፍናችሁ በመሃለኛው ጎማ ለግራው አጥሩ፤ ቀጥሎ ግራውን ጨፍናችሁ የቀኙን ማስተካከያ ብቻ አዙሩ። ይህ ከተዘለለ ዓይን ቶሎ ይደክማል።

በየመንና በጅቡቲ መካከል ያለውን ጠባብ የባሕር መተላለፊያ፣ ባብ ኤል መንደብን ተሻግረው የሚመጡት ንስሮች ክንፋቸውን እምብዛም አያራግቡም፤ ሽቅብ በሚወጣ ሞቃት አየር ተንሳፈው ነው የሚጓዙት። መሬቱ ሳይሞቅ ስለማይነሱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ጠብቋቸው። ጥርት ያለ ሰማይ አይመችም፣ ወፉ ሰማያዊው ውስጥ ይጠፋል፤ ነጭ ደመና ፈልጉና ጠርዙን ቀስ እያላችሁ ዳስሱ። እየዞሩ ሲወጡ መቁጠር ያሳስታል። ከላይ ደርሰው ተከታትለው መንሸራተት ሲጀምሩ ቁጠሩ።

ጫጩት ነጣቂው ጭልፊት ጅራቱ መሃሉ ላይ ሰርጎድ ያለ ነው። ከመጤዎቹ ንስሮች አንዱ የሆነው የስቴፕ ንስር ግን ጅራቱ ክብ፣ የክንፉ ጫፍ እንደ ጣት የተዘረጋ ነው፤ ጫጩትነቱን ገና ያልጨረሰው በክንፉ ሥር ረጅም ነጭ መስመር አለው። ከጤፍ ማሳ በላይ ዝቅ ብሎ፣ ክንፉን ወደ ላይ ቀና አድርጎ የሚያስስ ቀጭን አሞራ ካያችሁ ሃሪየር የሚባለው እንግዳ ነው።

ደማቆቹን የመስቀል ወፎች ከመጤ አትቁጠሩ። ክረምቱንም እዚሁ ነበሩ፤ ወንዶቹ የመራቢያ ላባ ስለሚያወጡ ነው አዲስ የሚመስሉት። ከብቶች እግር ሥር ጅራቷን እያወዛወዘች የምትሮጠው ሆደ ቢጫ ወፍ ግን በእርግጥ ከሩቅ የመጣች ናት። ጨረባዎችን ማለዳ የመብራት ሽቦ ላይ ፈልጉ።

ለጣና የቀረበ ግቢ ያለው ሰው ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ማምሻውን ጆሮውን ይስጥ። ክሬን የሚባሉት ግራጫ፣ ባለ ረጅም እግር ወፎች ከማሳ ወደ ውኃ ዳር ሲመለሱ እንደ መለከት ይጮኻሉ። አንገታቸው ተዘርግቶ ከሆነ ክሬን፣ ታጥፎ ከሆነ ሳቢሳ መሰል የውኃ ወፍ ነው። ሽመላም አንገቷን ትዘረጋለች፣ ግን ስትበር ድምፅ የላትም።

መዝገቡ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ነፋሱ የመጣበትንና ቁጥሩን ጻፉ። ኢበርድ (የወፍ ምልከታ የሚመዘገብበት ድረ ገጽ) ላይ ስታስገቡ ቀኑን ወደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም 6 ሰዓት ጨምራችሁ ለውጡ።