እርጥበት ሰጪው ሴረም ፊትን ሲያደርቅ፦ የኮሪያ የቆዳ እንክብካቤ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ ቅባቶችን ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ መደራረብን ለሚያውቁና የምርታቸው የማብቂያ ጊዜ እንዳላለፈ ላረጋገጡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው።

ምልክት፦ ሴረሙ (ከክሬም በፊት የሚቀባው ቀጭን ፈሳሽ) ከተቀባ ብዙም ሳይቆይ ፊት ይወጠራል፤ ከሰዓት በኋላ አመድማ ይሆናል

ደንበኞቼ ከሚያመጧቸው ቅሬታዎች ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው። በእጃቸው የሚይዙት ሃያሉሮኒክ አሲድ ያለበትን ሴረም ሲሆን፣ «ቆዳዬ አልተቀበለውም» ወይም «ፎርጅድ ሸጡልኝ» ብለው ደምድመው ይመጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አይደለም።

ምክንያቱ ሃያሉሮኒክ አሲድም ሆነ ግሊሰሪን ውሃን የሚስቡና የሚይዙ እንጂ ውሃን የሚፈጥሩ አለመሆናቸው ነው። አየሩ ደረቅ ከሆነና በፊት ላይ ውሃ ከሌለ ከታችኛው የቆዳ ክፍል ይስባሉ፤ የተሳበውም ውሃ ከላይ የሚያግደው ክሬም ካላገኘ ተንኖ ይጠፋል። በሴኡል ሐምሌ ላይ አየሩ በእርጥበት ስለሚሞላ ቀጭን ጄል ብቻውን ሊበቃ ይችላል፤ በብርዱ ወራት ግን፣ የቤቱ ወለል በማሞቂያ እየሞቀ አየሩ ሲደርቅ፣ ኮሪያውያን ራሳቸው ወፍራም ክሬም ይደርባሉ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የሴኡልን የሐምሌ ልማድ በኅዳርና በታኅሣሥ መከተል ቆዳን መጉዳት ነው።

አንዲት ደንበኛዬ ቶነርን (ፊት ከታጠበ በኋላ የሚቀባውን ውሃማ ፈሳሽ) ሰባት ጊዜ የመደራረብን የኮሪያ ልማድ በታማኝነት ትፈጽም ነበር፤ ነገር ግን «ወዛም ቆዳ ነው ያለኝ» በማለት ክሬም አትቀባም፤ የአፏ ዙሪያ መላጥ ሲጀምር ደግሞ ሌላ ውድ ሴረም ገዛች። ሁለቱን ሴረሞች ትተን ቶነሩን ወደ አንድ ጊዜ ቀንሰን ቀለል ያለ ክሬም ስንጨምርበት መላጡ ቆመ። ሌላዋ ዱባይ የምትሠራ እኅት ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ ኤሲ በሚሠራበት ክፍል ሴረም ብቻ ተቀብታ ትተኛና ጠዋት ፊቷ ተሰነጣጥቆ ትነሣለች። ለእርሷ ያስፈለጋት ከሴረሙ በላይ ክሬም፣ ከክሬሙም በላይ በጉንጯ ላይ የተቀባ ስስ ቫዝሊን ብቻ ነበር።

መፍትሄው የሚከተለው ነው። ከታጠቡ በኋላ ፊትዎን በፎጣ አያድርቁት፤ ውሃው ሳይደርቅ ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ሴረም ይቀቡ፤ ሴረሙ ገና እርጥብ ሳለም ሴራማይድ ወይም ስኳሌን (ውሃ ከቆዳ እንዳይተን የሚያግዱ ቅባቶች) ያለበት ክሬም ይደርቡበት። እያንዳንዱ ድርብ እስኪደርቅ ይጠበቅ የሚለውን ምክር በዚህ ላይ አይከተሉ። ቀን ቀን ውሃ እየረጩ ያለ ክሬም መተውም ድርቀቱን ያባብሳል።

«100 በመቶ ሃያሉሮኒክ» በሚል ጽሑፍ አይታለሉ። ንጥረ ነገሩ ራሱ ዱቄት ነው፤ አንድ በመቶው ብቻ እንኳ ውሃን በግልጽ ያወፍራል። መቶኛው የሚናገረው ስለተበጠበጠው ፈሳሽ ነው፤ እንዲህ እየጻፉ ዋጋ የሚቆልሉ ሻጮች ገዢውን ያሳስታሉ። ከፋርማሲ የሚገዛ ንጹሕ ግሊሰሪንም ሳይበረዝ ፊት ላይ አይቀባም። ከሁሉም በላይ የልብስ ወይም የገላ ሳሙና ለፊት አይጠቀሙ፤ የቆዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 5 አካባቢ ሲሆን የሳሙና ግን ከ9 እስከ 10 ይደርሳል፤ ይህ ካልቀረ የትኛውም ሴረም አይረዳዎትም።

ምልክት፦ ግሊሰሪን ያለበት ተራ ክሬም እንኳ ያቃጥላል

የቆዳው መከላከያ ተጎድቷል ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ መንሥኤው ቆዳን የሚልጥ አሲድንና ሬቲኖልን (ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነ ንጥረ ነገር) በአንድነት መጠቀም ነው። ሁለቱንም ለጥቂት ሳምንታት አቁመው ቆዳን በሚያረጋጋው ፓንቴኖልና በሴራማይድ ብቻ ይቆዩ።

ምልክት፦ የፀሐይ መከላከያው እንደ ላጲስ ፍርፋሪ ይንከባለላል

ሴረሙ በዝቷል፤ መጠኑን ይቀንሱና መከላከያውን ሳያሹ በመጫን ይቀቡ።

ምልክት፦ በግንባር ላይ እኩል የሆኑ የሚያሳክኩ ጥቃቅን ሽፍታዎች

ብጉር ላይሆን፣ ከፈንገስ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ቅባት የበዛባቸውን ምርቶች ያቁሙና የቆዳ ሐኪም ያማክሩ።

ምልክት፦ የቀንድ አውጣ ፈሳሽ ያለበት ኢሰንስ (ሴረም መሰል ቀጭን ቅባት) ያሳክካል

ለቤት አቧራ ተባይ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች ለቀንድ አውጣም አለርጂ ሊኖራቸው ይችላል፤ ወዲያውኑ ታጥበው ያቁሙ፤ የፊት ወይም የከንፈር እብጠት ከታየ፣ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ተቋም ይሂዱ።