ግማሽ ትምህርት ቤት፣ ግማሽ ቤት፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ልጅን በሃይብሪድ ለማስተማር

ሆምስኩል (ልጅን ቤት ውስጥ ማስተማር) ሲነሳ ከእኛ ሰው ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ «ታዲያ ልጁ ከእኩዮቹ ጋር መቼ ሊውል ነው?» የሚል ነው። ሃይብሪድ ለዚህ መልስ አለው። ልጁ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ክፍል ገብቶ ይማራል፣ በቀሩት ቀናት ቤት ሆኖ በወላጅ እገዛ ይሠራል። አሠራሩ ትናንት የመጣ አይደለም፤ ቴክሳስ አርሊንግተን ያለው ግሬስ ፕሪፓራቶሪ አካዳሚ በዚህ መንገድ ማስተማር የጀመረው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው።

1. ዓይነቱን ለዩ

አንደኛው የግል ሃይብሪድ ትምህርት ቤት ነው። መምህሩ የሳምንቱን ሥራ ያዘጋጃል፣ ወላጅ ቤት ውስጥ ያሠራል። ሌላው ልጁ በሕግ ሆምስኩለር ሆኖ በሰፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት አንድ ሁለት ትምህርት ብቻ የሚወስድበት ነው። ይህን የሚፈቅደውም የሚከለክለውም የየአካባቢው የትምህርት ቦርድ ስለሆነ፣ ሌላ ካውንቲ ያለ ዘመድ «እኛ ጋ ይቻላል» ስላለ ብቻ አትተማመኑ። በቨርቹዋል ቨርጂኒያ፣ ማለትም በስቴቱ የኦንላይን ትምህርት ፕሮግራም፣ ሙሉ ጊዜ የሚማር ልጅ ግን ቤት ቢውልም የመንግሥት ተማሪ ነው፤ ከዚህ ጋር አይምታታባችሁ።

የግል ትምህርት ቤት ስታነጋግሩ ከክፍያው በፊት ይህን ጠይቁ፦ «በሕግ ፊት ልጄ የእናንተ ተማሪ ነው ወይስ ሆምስኩለር?» ሆምስኩለር ነው ካሉ የሚቀጥለው ደረጃ የእናንተ ሥራ ነው።

2. ወረቀቱን በጊዜ አስገቡ

እስከ ኦገስት 15 ድረስ ልጃችሁን ቤት እንደምታስተምሩ የሚገልጸውን «ኖቲስ ኦፍ ኢንቴንት» የሚባል ማስታወቂያ ለአካባቢያችሁ የትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ (ሱፐርኢንቴንደንት) ትልካላችሁ። ልጁ በዓመቱ የሚማራቸውን የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝር ታያይዛላችሁ፤ ስሞቹ ይበቃሉ፣ የየቀኑ ዕቅድ አይጠየቅም። ወላጁ ለማስተማር ብቁ መሆኑን የሚያሳይበት አራት መንገድ አለ፤ ቀላሉ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ወይም ከዚያ በላይ ማስረጃ ማቅረብ ነው። ወረቀታችሁ የኢትዮጵያ ከሆነ ትርጉም ይፈለግ እንደሆነ አስቀድማችሁ ደውሉ። ዓመቱ ከተጀመረ በኋላ የምትገቡም ከሆነ መንገድ አለ፦ ወዲያው ታሳውቃላችሁ፣ የቀረውን በ30 ቀን ውስጥ ታሟላላችሁ።

ልጁ አይኢፒ (ልዩ ፍላጎት ላለው ልጅ የሚዘጋጅ የትምህርት ድጋፍ ዕቅድ) ካለው፣ ትምህርት ቤት የሚያገኘው ድጋፍ ሁሉ እንዳለ ይከተለዋል ብላችሁ አትገምቱ። ከማስወጣታችሁ በፊት ምን እንደሚቀር በጽሑፍ ጠይቁ።

3. በቤት ቀን ማን አብሮት እንደሚቀመጥ ወስኑ

በእኔ አስተያየት ሃይብሪድን የሚጥለው ሕጉ ሳይሆን ይህ ነው። አባት ኡበር እየነዳ፣ እናት ሆስፒታል ናይት ሺፍት እየሠራች «አንዳችን እንኖራለን» ማለት ዕቅድ አይደለም። ከናይት ሺፍት ጠዋት የገባች እናት ተኝታ ልጁ ብቻውን አይፓድ ይዞ ቢውል፣ ያ የትምህርት ቀን ሳይሆን የዕረፍት ቀን ነው። ደግነቱ የቤት ትምህርት በጠዋት መጀመር የለበትም። እናት እስከ ቀትር ተኝታ፣ ከምሳ በኋላ ከልጁ ጋር ሁለት ሦስት ሰዓት ብትቀመጥ ለትንሽ ልጅ በቂ ነው፤ ክፍል ውስጥ ተራ በመጠበቅና በመሰለፍ የሚያልፈው ጊዜ ቤት የለም። ጠዋቱን አያት ቤት ካሉ ፊደሉን ለእሳቸው ስጡ። ከሀ እስከ ፐ አስቆጥረው፣ የቤተሰቡን ስም አስጽፈው፣ ለአገር ቤት ዘመድ አጭር የድምፅ መልእክት ቢያስልኩት አማርኛው ተሠራ ማለት ነው።

ሁለታችሁም በማይለዋወጥ የቀን ሺፍት ላይ ከሆናችሁና የሚተካ ሰው ከሌለ፣ ለጊዜው ባትገቡበት ይሻላል።

4. ትምህርቱን ለቀናቱ አከፋፍሉ

ከሌሎች ልጆች ጋር የሚሠራው ወደ ክፍል ቀን ይሂድ፦ የሳይንስ ሙከራ፣ ክርክር፣ ስፖርት። ሒሳብና ንባብ ግን በክፍል ቀንም በቤት ቀንም ይሠሩ። ሰኞ ክፍልፋይ የተማረ ልጅ እስከ ሐሙስ ካልነካው ይረሳዋል። ማክሰኞ አንድ እንጀራ ለአራት፣ እኩል መጠን ያለው ሌላ እንጀራ ለስምንት ቆርጣችሁ ሁለት ስምንተኛውን አንድ አራተኛው ላይ ሲደርበው፣ ሁለቱ እኩል መሆናቸውን ማንም ሳይነግረው ያየዋል። ከዚያ ደብተሩ ላይ አምስት ጥያቄ ይሥራና ይብቃው።

5. ማስረጃውን ከመጀመሪያው ሳምንት ሰብስቡ

በሚቀጥለው ዓመት እስከ ኦገስት 1 ልጁ መሻሻሉን ማሳየት ግዴታ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የተመዘነ ፈተና ከወሰደ አጠቃላይ ውጤቱ ከአራተኛው ስታናይን (ውጤትን በዘጠኝ ደረጃ የሚከፍል መለኪያ) ማነስ የለበትም፤ ይህም ከመቶ ተፈታኝ ሃያ ሦስት ያህሉን የሚበልጥ ማለት ነው። ፈተናው ካልተመቸው ፈቃድ ያለው መምህር ሥራውን ገምግሞ የሚጽፈው ደብዳቤም ይሆናል። ለዚህ እንዲረዳ፣ ቀን የተጻፈባቸው የልጁ የሥራ ወረቀቶች በየወሩ በአንድ ፋይል ይቀመጡ፤ ገምጋሚውንም ክረምቱ ሳይገባ ያዙ።

ሜሪላንድ ያላችሁ የምትከተሉት ሌላ ነው። ከመጀመራችሁ ቢያንስ 15 ቀን በፊት ታሳውቃላችሁ፣ የልጁ ሥራም ተሰብስቦ በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ሊታይ ይችላል። ጀርመን ያለ ዘመድ ይህን አንብቦ ከተመኘ ግን ቀድማችሁ ንገሩት፤ እዚያ ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ቤት ማስተማር በሕግ የተከለከለ ነው።