በአንድ ሞተር ሁለት ሆኖ ወደ ባሌ ተራሮች፦ ከኋላ ወንበር የተጻፈ መመሪያ

ስለ ሞተር ብስክሌት ጉዞ የሚሰጠው አብዛኛው ምክር የነጂ ምክር ነው። ስለ ሞተሩ ጉልበትና ስለ ጎማው ጥርስ ሲተነትን ይቆይና ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ጋ ሲደርስ «የሚሞቅ ልብስ ይልበስ» ብሎ ያልፋል። እኔ የምጽፈው ከኋላ ሆኜ ነው። መሪውን የሚይዘው ባለቤቴ ሲሆን፣ ጀርባውን እያየሁ ከአዲስ አበባ አርሲን አቋርጬ ባሌ ተራሮች ውስጥ ያለው ሳነቴ አምባ ላይ የወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ። አቋሜን ከጅምሩ ልናገር፤ የባልና ሚስት የሞተር ጉዞ የሚታቀደው በኋለኛው ሰው ዐቅም ነው። ነጂው ሥራ ላይ ስለሆነ ድካሙን ይረሳዋል። ኋለኛው ግን የተቀመጠው ከኋላ ጎማው በላይ ነው፤ ጉድጓዱ ሁሉ እሱ ወገብ ላይ ያርፋል፣ የሚሠራውም ስለሌለው አንድ በአንድ ይቆጥረዋል።

1. ግቡን ለየብቻ ጻፉ፣ ከዚያ አስታርቁት

«ሲመቸን እንሄዳለን» የማይባልበት ቤት ያለ አይመስለኝም። «ሲመች» የሚባል ወር ግን ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ብትፈልጉ አታገኙም። ሁለታችሁም ሳትተያዩ፣ በሚቀጥሉት ዓመታት አብራችሁ ልታደርጉ የምትፈልጉትን ጻፉ። ቤቱም ይግባ፣ ልጁም፣ ትምህርቱም። ከዚያ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጡ። አብረው ሲጽፉት የአንዱ ምኞት የሁለቱ መስሎ ይገባና፣ መንገድ ላይ ዝናብ ሲመጣ «አንተ ነህ ያመጣኸኝ» ይከተላል። የእሱ ወረቀት «ከ4,000 ሜትር በላይ በሞተር መውጣት» ይል ነበር፤ የእኔ ደግሞ «ቀይ ቀበሮን በዓይኔ ማየት»። ሁለቱም በአንድ ቦታ ተገናኙ። ከሁለቱ ወረቀቶች በአንዱ ላይ ጉዞ የሚባል ነገር ጨርሶ ከሌለ አትለማመጡ፤ በግድ የተጫነ ሰው ይዞ ዳገት መውጣት ለሞተሩም ከባድ ነው።

ወሩን ቁረጡ። ለባሌ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ሌሊቱ ቆፈን ቢሆንም መንገዱ ደረቅ ነው። ገንዘቡን በተመለከተ ዕቁብ ግቡ። ባንክ ያለ ገንዘብ ለጣሪያ ጥገናም ለዘመድ ሠርግም ይጠራል፤ የዕቁብ ገንዘብ ግን በሌላ ሰው እጅ ስለሆነ አይነካም። ዕጣው ጥቅምት አካባቢ እንዲደርሳችሁ ከሰብሳቢው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

2. ሞተሩና ሰነዱ

ወድቆ ሁለታችሁ ተጋግዛችሁ የማታነሱትን ሞተር አትምረጡ። ትልልቆቹ አስፋልት ላይ ያምራሉ፤ ጭቃ ውስጥ ሲተኙ ግን መንደር ይጠራሉ። 125 ሲሲ ያላት፣ ለጠጠር መንገድ የተሠራች ሞተር ሁለት ሰው ይዛ ትደርሳለች፣ ታጋሽ ከሆናችሁ። ከ150 እስከ 250 ሲሲ ያለው የተሻለ ነው። ደግሞም ማንኛውም የገጠር መካኒክ የሚያውቀውና መለዋወጫው በየከተማው የሚገኝ ዓይነት ይሁን።

መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን። አዲስ አበባ ከሰኔ 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴን ስለገደበች፣ ሞተራችሁ በከተማዋ የመንቀሳቀስ ፈቃድ ያለው መሆኑን ከመነሻው አጣሩ።

3. ወንበርና ጭነት

ለኋለኛው የሚገዛው ሄልሜት ከነጂው የረከሰ መሆኑ የተለመደ ነው። ይህ ልማድ ያናድደኛል። የሚወድቁት አብረው ነውና ሄልሜቱም እኩል ይሁን። ጓንትና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማም እንዲሁ።

በፋብሪካው ወንበር ላይ ብዙ ሰዓት መቀመጥ አይቻልም። ወንበር የሚያለብስ ባለሙያ ዘንድ ወስዳችሁ የኋላውን ስፖንጅ ወፈርና ሰፋ አስደርጉት። በውድ ዋጋ የሚሸጡት ልዩ ልዩ የወንበር ልብሶች የአጎዛን ያህል አይጠቅሙም። ጸጉሩ ያላለቀ የበግ አጎዛ አጥብቆ ማሰር፣ ዝናብ ሲመጣ በፕላስቲክ መሸፈን፤ በቃ።

ልብሱን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ማዳበሪያ ውስጥ ክተቱ። ለማሰሪያ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ባለ መንጠቆውን ገመድ ያስንቃል፤ መንጠቆው ተፈናጥሮ ዓይን የሚመታው ሲፈታ ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ከባድ ነገር ሁሉ ዝቅ ብሎ፣ ወደ መካከል ተጠግቶ፣ ግራና ቀኙ ተመዛዝኖ ይታሰር። ከጎባ በላይ ባለው ጠጠር ላይ የቤንዚኑ ጀሪካን በስተኋላ ጫፍ ታስሮ ነበር። ዳገቱ ሲጠና የፊት ጎማው ቀለለ፣ መሪው እንደ ወንፊት መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ሁለታችንም በጎን ተዘረጋን። የምንሄደው በሰው እርምጃ ፍጥነት ስለነበር ጉዳቱ በተላጠ ጉልበት አበቃ። ጀሪካኑን አንስተን ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) በተቃራኒ ጎን ዝቅ አድርገን ካሰርነው በኋላ ያንኑ ዳገት ያለ ችግር ወጣነው።

ሁለት ሰውና ዕቃ ሲጫን የኋላው ሞላ ይተኛል። ስለዚህ ሞላው ይጠንክር፤ የጎማው ነፋስ የሞተሩ መመሪያ ለሁለት ሰው ወደሚያዘው መጠን ከፍ ይበል፤ ካቴናው (ሰንሰለቱ) ሁለታችሁ ተቀምጣችሁበት ጭምር ይታይ፤ የፊት መብራቱም ወደ ሰማይ ስለሚያይ ዝቅ ይደረግ።

4. ከኋላ መቀመጥ

ብዙ ጥንዶች የሚጣሉት እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን ከጉዞው በፊት ጸጥ ያለ መንገድ ፈልጋችሁ ያለ ዕቃ ተለማመዱ።

መውጣትና መውረድ በነጂው ፈቃድ ብቻ ነው። ነጂው ሁለት እግሩን መሬት ተክሎ፣ የፊት ፍሬኑን ይዞ «ውጪ» ካላለ እግር አይነሣም። የሚወጣውም የሚወረደውም ማርሚታው በሌለበት ጎን ነው፤ የጋለ ማርሚታ ባት ላይ የሚተወው ጠባሳ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ደግሞም ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ረጅም ቀሚስ የለበሰች ሴት ሞተር ላይ አትውጣ። ጫፉ ጎማው ወይም ካቴናው ውስጥ ከገባ አንገትን ይዞ ይጎትታል። ነጠላው ሻንጣ ውስጥ ይሁን፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደረስ ይወጣል።

ከዚያ ኩርባው ይመጣል። ሞተር ኩርባ ሲዞር ወደ ጎን ይጋደማል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጠ ሰው ይህ የመውደቅ መጀመሪያ ይመስለውና በፍርሃት ወደ ተቃራኒው ይሳባል። አደጋው ያኔ ነው። ኋለኛው ሲቃና ሞተሩም አብሮ መቃናት ይፈልጋል፣ ነጂው ያሰበውን መስመር ያጣል፣ ኩርባው ይሰፋና ከፊት የሚመጣው መኪና መስመር ውስጥ ይገባል። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ግን ከሰውነት ጋር መታገል ይጠይቃል፦ ምንም አታድርጉ። ወደ ቀኝ ሲዞር በነጂው ቀኝ ትከሻ በላይ፣ ወደ ግራ ሲዞር በግራው ትከሻ በላይ መንገዱን ተመልከቱ። ዓይን ከሄደ ሰውነት ራሱ በልኩ ይከተላል። ከነጂው በላይ መጋደምም አያስፈልግም።

ፍሬን ሲያዝ ኋለኛው ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ሄልሜት ከሄልሜት ይጋጫል፣ የነጂው ክንድ ይጫናል። ይህን የሚከላከሉት ጉልበቶች ናቸው። በጉልበታችሁ የነጂውን ዳሌ ጨበጥ አድርጉ። በረጅም ቁልቁለት ላይ አንድ እጅ ሰልባቲዮው (የነዳጅ ታንኩ) ላይ ደግፉ፣ ሌላው ወገቡን ይያዝ። ነጂውም የራሱ ዕዳ አለበት። ፍሪሲዮኑን በዝግታ ይልቀቅ፣ ማርሽ ሲቀይር ነዳጁን በድንገት አይዝጋ። የኋለኛው ሄልሜት በየማርሹ የሚያንኳኳው ከሆነ ጥፋቱ የነጂው ነው።

ነፋሱ ወሬ አያሰማም፤ ስለዚህ ምልክት ተስማሙ። የእኛ እንዲህ ነው፦ ትከሻ ላይ አንድ መታ ማድረግ «ቀስ በል»፣ ሁለት ጊዜ «ምቹ ቦታ ስታገኝ ቁም»፣ ትከሻን ጨብጦ አለመልቀቅ «አሁኑኑ ቁም»። ሕጉ ደግሞ ምልክት ሲመጣ ክርክር የለም የሚል ነው። ምክንያቱ የሚጠየቀው ከቆሙ በኋላ ነው። ባለቤቴ በመጀመሪያ «ትንሽ ነው የቀረን» ይል ነበር። ነጂ ሁሉ ይህን ይላል፤ አትመኑት። በየሰዓቱ መውረድ፣ ወገብ ማፍታታት፣ ውኃ መጠጣት የዕቅዱ አካል ይሁን። ድልድይ የሌለው ወንዝ፣ ጥልቅ አሸዋ ወይም ጭቃ ሲመጣ ደግሞ ኋለኛው ወርዶ በእግሩ ይለፍ። ውርደት የለበትም።

5. መንገዱ

ከመነሣታችሁ በፊት በነበረው ቀን መናኸሪያ ሄዳችሁ በመስመሩ የሚሠሩ ሾፌሮችን ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቁ፤ በየከተማውም ድገሙት። «አትሂዱ» ካሉ አትሂዱ። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ማደሪያ ግቡ።

የመጀመሪያው ቀን በአሮጌው መንገድ፣ በቢሾፍቱና በሞጆ አድርጎ አዳማ፣ ከዚያ አሰላ ይበቃል፤ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ አዳማ ያለው የከባድ መኪና ጭስ ነውና ቶሎ ይታለፍ። ውበቱ የሚጀምረው አዋሽን ተሻግራችሁ ከዴራ ወደ ኢተያ ሽቅብ ስትሉ ነው። ስንዴው በደረሰበት ወቅት ከሆነ ኮምባይነሮች መንገዱን ይዘው ይንቀራፈፋሉ። ከኋላቸው የሚበተነው ገለባ አስፋልት ላይ ያንሸራትታልና ፍሬን አትንኩበት። የፈረስ ጋሪ ደግሞ ዞር ብሎ ሳያይ ይታጠፋል።

በማግስቱ ከአሰላ ወደ ደቡብ ስትጓዙ ጭላሎ በግራችሁ ነው። በቆጂ ላይ ሻይ ጠጡ፤ የደራርቱ ቱሉ፣ የቀነኒሳ በቀለና የጥሩነሽ ዲባባ አገር ነው። ሦስት ሺህ ሜትር ሊሞላ ትንሽ በቀረው ከፍታ ላይ፣ እናንተ በካፖርት ተጠቅልላችሁ የምትንቀጠቀጡበትን ብርድ ልጆቹ በቁምጣ ይሮጡበታል። ዶዶላ እደሩ። በሦስተኛው ቀን በአዳባ በኩል ዲንሾ ይገባል። ከዲንሾ አስቀድሞ በጋይሳይ ሜዳ የደጋ አጋዘን ከመንገዱ ሳትወጡ ልታዩ ትችላላችሁ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ስለሆነ መግቢያውን እዚያው ክፈሉ። ከዚያ ሮቤና ጎባ።

በሮቤ ወይም በጎባ ሰልባቲዮውን ሙሉ። ነዳጅ የሚከፈለው በስልክ ስለሆነ ባትሪው ያለቀ ስልክ ባዶ ሰልባቲዮ ማለት ነው። የውስጥ ጎማ መለዋወጫ፣ ማስቲሽና መንፊያ ያዙ፤ ከጎባ ወዲያ ጎሚስታ አትጠብቁ።

6. ሳነቴ

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ አምባውን ከ4,000 ሜትር በላይ ያቋርጠዋል፤ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። እኛ ስንሄድበት ጠጠር ነበር።

በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ በሲሶ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ክፍል) ያለው ሞተር ቤንዚኑ እንደ ወትሮው እየፈሰሰ አየሩ ስለሚያንሰው ይታነቃል፤ ካንዴላው (እሳት የሚለኩሰው ክፍል) ይጠቁራል፣ የቤንዚን ሽታ ይመጣል፣ በሁለተኛ ማርሽ የሚወጣው ዳገት አንደኛ ይጠይቃል። ሞተሩ ተበላሽቶ አይደለም። ወደ ጎባ ሲወርድ ይመለስለታል፤ እዚያ ላይ ፈታተው የሚነካኩ ሰዎች ናቸው የሚያበላሹት። የእናንተም ሳንባ ያው ነው፤ ስለዚህ ጎባ ወይም ዲንሾ ሳታድሩ አትውጡ። ራስ ምታቱ ከጠናና ማቅለሽለሽ ከመጣ ዞራችሁ ውረዱ። አመዳዩ እስኪቀልጥ ጠብቃችሁ ሦስት ሰዓት አካባቢ ተነሡ፤ ደረት ላይ ከጃኬቱ ሥር ጋዜጣ መደርደር ነፋሱን ይሰብራል።

ቀይ ቀበሮ የሚያድነው በቀን ነው፤ ምግቡ የሆኑት ፍልፈልና አይጥ ቀን ስለሚወጡ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ ከ500 ያነሱ ሲሆን ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። በመኪና የሚገጩም አሉና በዝግታ ንዱ። ጅብራ በሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች መካከል ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ሄልሜት አውልቃችሁ ቁጭ በሉ። እኛ ያየነው አፍንጫውን ጉድጓድ ላይ ደቅኖ፣ አንድ የፊት እግሩን እንዳነሣ ደርቆ ቀርቶ ነበር፤ ፍልፈሉ አመለጠው መሰለኝ፣ ዞር ብሎም ሳያየን ሄደ። ምግብ አትወርውሩለት፣ አትከተሉት።

ጊዜ ካላችሁ በአስታው ቁጥቋጦ በኩል ወደ ሪራ መንደር ውረዱ። ቁልቁለቱ ጠመዝማዛና ረጅም ነው፤ የኋላ ፍሬን እንደረገጡ መውረድ ያግለውና አልይዝ ይላል። በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ ይያዛችሁ፣ ፍሬኑ ቆረጥ ቆረጥ ተደርጎ ይነካ፣ ሁለት ሦስት ቦታ ቆማችሁ አቀዝቅዙት። ታች የሐረና ጫካ ማር አለ፣ ጫካ ውስጥ የበቀለ ቡናም አለ። ለመመለስ ያንኑ ዳገት እንደምትወጡት አትርሱና ማሩን በልክ ግዙ።

7. ከተመለሳችሁ በኋላ

ጭቃው ሳይደርቅ እጠቡት። ካቴናው ይጠረግ፣ ይቀባ፤ የሞተር ዘይቱ ይቀየር፤ የጎማው ራጂ (የቸርኬው ሽቦዎች) እና ብሎኖቹ ሁሉ ይጥበቁ፤ ጠጠር መንገድ ብሎን ይፈታል። አጎዛውን ፀሐይ ላይ አስጡት። ወጪውንም ትዝ ሲላችሁ ሳይሆን በዚያው ሳምንት ጻፉት፤ ለሚቀጥለው ዕቁብ ስንት እንደምትጥሉ የምታውቁት ከዚያ ነው።